የሚጠበቀው መረቡ ነው ወይስ ዓሣው?

መዝገብ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሁለት ቀን ስለ ሳይበር ደህንነት አሠልጥኖን ነበር። አሠልጣኙ የመጀመሪያውን ስላይድ ገልጦ «ጠላት ያለው ከበሩ ውጭ ነው» ብሎ ሳይጨርስ መብራት ጠፋ፤ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ከኋላ ወንበር አንድ ባልደረባችን «እንግዲያው ገብቷል ማለት ነው» አለ። ከሁለቱ ቀን ሥልጠና እስከ ዛሬ በሁላችን ዘንድ የሚታወሰው ይኸው ቃል ብቻ ነው።

ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ መጣ። በማግስቱ በወጣው የውስጥ ማስታወቂያ የእያንዳንዳችን የይለፍ ቃል ከ12 ፊደል ያላነሰ፣ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት የተቀላቀለበት እንዲሆን፣ በየሦስት ወሩም እንዲለወጥ ታዘዝን። ትእዛዙን አከበርን፤ አክብረንም ሁላችን በወረቀት ጻፍነው። አንዳንዱ ከኪቦርዱ ሥር ሸጎጠው፣ አንዳንዱ ከሞኒተሩ ጎን ለጠፈው፤ አለቃዬ ደግሞ ዓይናቸው ደከም ስላለ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ከወንበራቸው ጀርባ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። የምስክር ወረቀት በተሰጠን ቀን በእሳቸው ቢሮ የተነሣነው የቡድን ፎቶግራፍ በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ ሲወጣ፣ በእጃችን ከያዝነው የምስክር ወረቀት ይልቅ ከራሳችን በላይ የሚታየው የይለፍ ቃል ጎልቶ ይነበብ ነበር።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ከረምሁ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በየጊዜው «ይህን ያህል ሺህ የጥቃት ሙከራ ተደርጎ ከዘጠና በመቶ በላዩ ከሽፏል» የሚል መግለጫ ያወጣል። ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት የስልክ ገንዘቡን ተጭበርብሮ የተወሰደበት ሰው ነውና መግለጫውን በሰማ ቁጥር «እኔ ዘንድ የደረሰው ከቀሪው በመቶ ነው» ይላል፤ እኛም እንስቃለን። ለመሆኑ ይህ ሳቃችን የገባው ሰው ሳቅ ነው ወይስ ያልገባው ሰው? በሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሰምና ወርቅ (ባሕር ዳር)

የአለቃዎን ወረቀት ሳስብ ይህች መጣችልኝ፦

ሌባ እንዳይገባ ብለው በር ላይ ቢጽፉት ቃል፣
ባለቤቱ ውጭ ሲያድር ሌባው ገብቶ ይስቃል።

እዚሁ ስልክ ላይ የተቋጠረች ስለሆነች የቅኔ ቤት ሰዎች ጉድለቷን ይለፉልኝ። እኔን ግን ከሁሉ የሚያስቀኝ የአስተዳደሩ ስም ነው። እኛ የጣና ዳር ሰዎች መረብ ስንል የምናውቀው ዓሣ የሚያዝበትን ነው። መረብ የሚጠብቅ ሰው መረቡ እንዳይበጠስና እንዳይሰረቅ ይጠብቃል፤ ስለ ዓሣው ደህንነት ሲጨነቅ ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ «የመረብ ደህንነት» የሚለውን ስም በሰማሁ ቁጥር የሚጠበቀው መረቡ ነው ወይስ ዓሣው እያልሁ እጠይቃለሁ።

ኬብል ቀጣይ (ባሕር ዳር)

የምተዳደረው በኔትወርክ ሥራ ነው፤ የመንግሥት ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምጽፈውን እንደ ጥብቅና አትቁጠሩብኝ። መዝገብ ቤት የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነውና ከቁጥሩ ልጀምር።

«የጥቃት ሙከራ» የሚባለው ነገር ሰፊ ነው። በገበያ ቀን አንድ ሰው በየሱቁ ደጃፍ እያለፈ መዝጊያውን ሁሉ ነካ ነካ እያደረገ ቢሄድ፣ ከፍቶ የገባበት አንድም ሱቅ ባይኖር እንኳ እያንዳንዱ ባለሱቅ «ተሞከረብኝ» ሊል ይችላል። በኢንተርኔት ላይ ይህን የሚያደርጉት ሰዎች ሳይሆኑ ሌሊትና ቀን የማይደክሙ ማሽኖች ናቸው። አድራሻ ያለውን ሁሉ ያንኳኳሉ፤ የአሜሪካን መከላከያና የእኛን ቀበሌ አይለዩም። ስለዚህ አንድ ተቋም አንኳኪውን ሁሉ ከቆጠረ ቁጥሩ እጅግ ይበዛል፤ የተከፈተውን ብቻ ከቆጠረ ያንሳል። መግለጫው አንኳኪንና ሰባሪን ለይቶ ቢነግረን ኖሮ ቀልዱ ግማሹ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ ሳቁ የገባው ሰው ሳቅ ነው።

ነገር ግን ሁሉም አንኳኪ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ሰሞን፣ ራሳቸውን «ሳይበር ሆረስ ግሩፕ» ብለው የሚጠሩትን ጨምሮ መነሻቸው ግብፅ የሆነ ቡድኖች የመንግሥት ድረ ገጾችን አጥቅተው፣ በአንዳንዶቹ ላይ የፈርዖን አጽም የሚያሳይ ሥዕልና ዛቻ ለጥፈው ነበር። ዓባይ ዙሪያችንን ከብቦ የሚያልፍብን እኛ ያን ዛቻ ቀልድ ብለን ልናልፈው አንችልም። ያን ጊዜ ድረ ገጽ ነበር፤ ነገ የኃይል ማከፋፈያ ወይም የባንክ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። የሚጠብቅ ተቋም ማስፈለጉ በእኔ ዘንድ አያከራክርም። ተቋሙም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ትናንት ለመግለጫ ተብሎ የተቋቋመ አይደለም።

የይለፍ ቃሉን በተመለከተ ግን አለቃዎ ጥፋተኛ አይደሉም፤ ጥፋተኛው ደንቡ ነው። ይህ «በየጊዜው ለውጡ፣ ምልክት ቀላቅሉ» የሚለው ትምህርት በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው መመሪያ ነው። መመሪያውን የጻፉት ቢል በር የተባሉ ባለሙያ ከ14 ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥተው ሳለ በጻፉት ነገር መጸጸታቸውን ተናገሩ፤ ተቋሙም በዚያው በ2017 መመሪያውን ለወጠና የይለፍ ቃል በየጊዜው እንዲቀየር ማስገደድ እንዲቀር፣ በምትኩ ርዝመት እንዲመረጥ መከረ። ምክንያቱ እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ነው፤ ሰው ሊያስታውሰው የማይችለውን እንዲያስታውስ ሲገደድ በወረቀት ይጽፈዋል፣ አለዚያም የመጨረሻዋን ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ይቀይራታል። የጸጸቱ ዜና ዓባይን ገና አልተሻገረም መሰለኝ።

በፎቶግራፉም አይዘኑ። ቲቪ5 ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በሳይበር ጥቃት ሥርጭቱ ተቋርጦበት ሳለ፣ ስለ ጥቃቱ ቃለ መጠይቅ ይሰጥ ከነበረው ጋዜጠኛ ጀርባ የጣቢያው የይለፍ ቃላት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው በቴሌቪዥን ታይተዋል። በሃዋይም የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ የይለፍ ቃል የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ከኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፋ ተገኝታለች። ያው መሥሪያ ቤት ነው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 «ሚሳይል እየመጣ ነው» ብሎ በስሕተት ደሴቱን ሁሉ ያስደነገጠው።

የእህል ነጋዴ (ቡሬ)

ወንድማችን ኬብል ቀጣይ በሩን ስለሚያንኳኳው ማሽን በሚገባ አስረድተውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ግን በሩን ራሱን ነቅሎ ስለሚወስደው ልጠይቅ።

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በኢንተርኔት ተበተነና ፈተናው ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ፈተና በመጣ ቁጥር መፍትሔው ምን ሆነ? በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. ለፈተናው ሲባል የአገሩ ኢንተርኔት በሙሉ ተዘጋ። ወረቀቱ የሾለከው ከሰው እጅ ነው፤ የተዘጋው ግን ነጋዴውም፣ ሐኪም ቤቱም፣ አየር መንገድ ትኬት የሚቆርጠውም ነው። ጎተራው በአይጥ ተቀደደ ተብሎ የመንደሩን እህል ሁሉ ውጭ እንደ ማፍሰስ ያለ ነው። ኋላ ተማሪዎቹን ወስዶ በየዩኒቨርሲቲው ማስፈተን ሲጀመር ነገሩ የኢንተርኔት ሳይሆን የወረቀት አያያዝ እንደ ነበረ ሁሉም ሰው ገባው።

ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ታግደው ነበር። በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቶች መግለጫቸውን በዚያው በታገደው ፌስቡክ ይለጥፉ ነበርና፣ እኛም ያን መግለጫ ለማንበብ ቪፒኤን እንከፍት ነበር። አንድ ወዳጄ «መንግሥት ራሱ በቪፒኤን ነው የሚያስተዳድረን» ይል ነበር። ከዚያው ዓመት ክረምት ወዲህ በክልላችን የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት አልነበረንም። እኔ የበቆሎና የጤፍ ዋጋ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚደርሰኝ ሰው ነበርሁ፤ በእነዚያ ወራት ዋጋ የምሰማው ከጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሾፌሩም የሚነግረኝ ለእሱ የሚበጀውን ዋጋ ነው። እርግጥ ነው፣ ቡሬ ላይ በእነዚያ ወራት በኢንተርኔት የተጭበረበረ ሰው አላየሁም። ይህም ከሸፉት ሙከራዎች ጋር ተደምሮ በሪፖርት ሊገባ ይችላል።

ኬብል ቀጣይ (ባሕር ዳር)

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ አስቆኝ የያዝሁትን ሻይ አፈሰሰብኝ።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ኢንተርኔትን መዝጋትና ኢንተርኔትን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሚያዝዛቸውም፣ የሚሠራቸውም ሰው አንድ ላይሆን ይችላል። የሕዝቡ ችግር ሁለቱም «ደህንነት» በሚል አንድ ቃል መጠራታቸው ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ሰው የሁለተኛውን ሥራ በመጀመሪያው ሥራ ዓይን ያየዋል፤ «ኢንተርኔታችሁን ልንጠብቅላችሁ ነው» ሲባል «ሊዘጉት ነው» ብሎ ይሰማል። ይህን ጥርጣሬ ሕዝቡ ከመሬት አላነሣውም፤ ከገጠመው ተምሮ ነው።

ስለ ቪፒኤን ግን ከቀልድ ያለፈ ነገር ልናገር። በ2015 ዓ.ም. እገዳ ጊዜ የጎረቤቶቼን ስልክ ባየሁ ቁጥር ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን በሁለትና በሦስት ዓይነት ተጭኖበት አገኝ ነበር። ቪፒኤን ማለት የምትልኩትን ሁሉ በሌላ ሰው ቤት በኩል ማሳለፍ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ካላወቃችሁ ከመንግሥት ዓይን ሸሽታችሁ ወደማታውቁት ሰው ጓዳ ገብታችኋል። እገዳው ከአንድ ቀዳዳ ሊያድነን ቢታሰብም እንኳ ሕዝቡን ወደ ብዙ ቀዳዳ ነድቶታል። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ዛሬም ከስልኩ አልጠፉም።

ጡረተኛ መምህር (ሞጣ)

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በጥሞና አነበብሁ። በመንግሥትና በኮምፒውተር ጥበቃ መሳቅ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ ጥቂት ልጨምር።

እ.ኤ.አ. በ2018 የጃፓን የሳይበር ደህንነት ኃላፊ የነበሩት ሚኒስትር ዮሺታካ ሳኩራዳ በምክር ቤት ተጠይቀው ኮምፒውተር በሕይወታቸው ተጠቅመው እንደማያውቁ ተናገሩ፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያዝዙት ጸሐፊ ስለ ነበራቸው አላስፈለጋቸውም። በኋላ አንዳንድ ቀልደኞች «ሊሰረቅበት የማይችል ብቸኛው ሚኒስትር እሳቸው ናቸው» አሉ፤ ይህም ትንሽ እውነት አለበት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል የተመሰጠሩ መልእክቶች ለመርማሪ እንዲከፈቱ የሚያስገድድ ሕግ ሲያቀርቡ፣ የሒሳብ ሕግ አይፈቅድም የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሒሳብ ሕጎች የተመሰገኑ መሆናቸውን፣ በአውስትራሊያ የሚሠራው ግን የአውስትራሊያ ሕግ ብቻ መሆኑን መለሱ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ የሰጠ ተማሪ አልገጠመኝም።

እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ኢንተርኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉኛ ያናጋውን «ትል» (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም) የለቀቀው ወጣት፣ አባቱ በአሜሪካው ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ ሥር የኮምፒውተር ደህንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበሩ። እንግዲህ ከዘበኛው ቤት የወጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017ም ያው ኤጀንሲ ለራሱ ጥቃት ብሎ ደብቆ ያስቀመጠው የዊንዶውስ ቀዳዳ ከእጁ ሾልኮ ወጣና ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በእሱ ተጠቅሞ በ150 አገሮች ኮምፒውተር ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። ሰምና ወርቅ «መረቡ ነው ወይስ ዓሣው» ያለው ጥያቄ ከዚህ ላይ ከቅኔ ያልፋል። ጠባቂው ቀዳዳውን አግኝቶ ሳይነግረን ለራሱ ካስቀመጠው ጥበቃው ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

የእኛንም ቤት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣልያን የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ ለዓለም ተበተነ፤ በደንበኞቹም ዝርዝር ውስጥ የእኛ አገር ተቋም ነበረበት። ሰባሪ የሚሸጠው ድርጅት ሠራተኞች የይለፍ ቃላቸው ሕፃን የሚገምተው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሲትዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ የምርምር ተቋም ከኢትዮጵያ እንደሚመራ ያመለከተውን አንድ የስለላ ዘመቻ የደረሰበት፣ ሰላዮቹ ማን በየትኛው አድራሻ እንደ ተያዘ የሚመዘግበውን ፋይል ማንም በድረ ገጽ ሊያነበው በሚችል ቦታ ክፍት ትተውት ስለ ነበር ነው። የመዝገብ ቤትን አለቃ ወረቀት በዚህ ሚዛን ብናየው ቀላል ጥፋት ነው።

የማታ ተማሪ (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ የዘረዘሩት ሁሉ ሰላይና ሰባሪ ያለበት ነው። እኔ የማስታውሰው ግን ሰባሪ ያልነበረበትን ሌሊት ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የንግድ ባንክ ሥርዓት ተሳስቶ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ሲችሉ፣ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ማደሪያ በደቂቃ ደርሶ በኤቲኤም ደጃፍ ሌሊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መጉደሉን ሲናገር፣ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በራሱ ሥርዓት ላይ የተሠራ ለውጥ እንደ ነበረ አስታወቀ። ያልመለሱትንም ስማቸውን እየለጠፈ ጠየቀ። «ጠላት ያለው ከበሩ ውጭ ነው» ለሚሉት አሠልጣኝ ይህን ብነግራቸው ምን እንደሚመልሱ ባውቅ እወድ ነበር።

የቢቸና ልጅ

እናንተ ስለ ፈረንሳይና ስለ ጃፓን ትጽፋላችሁ፤ እኔ ስለ አክስቴ ልጻፍ፤ ይህም ከጉዳዩ አይወጣም።

አክስቴ ጤፍ ትሸጣለች፤ ገንዘቧንም በስልክ ትቀበላለች። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስማርት ስልክ የላትም፤ ያላት ባለ በተን ስልክ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት ደውሎ «እማማ፣ የምንደውለው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። የእርስዎ ሒሳብ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥርና የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን፤ ለእርስዎው ደህንነት ነው» አላት። እሷም «ልጄ፣ እኔ ለነፍስ አባቴም ያልነገርሁትን ለአንተ ልነግርህ ነው?» አለችው። ልጁ አልተበገረም፤ «እማማ፣ ይኼ እኮ ኃጢአት አይደለም» ቢላት፣ «እንግዲያው ካልሆነ ምን ያስቸኩልሃል?» ብላ ዘጋችው።

የሚያሳዝነው በማግስቱ የሆነው ነው። ያው ድምፅ ለአክስቴ ልጅ ደወለ፤ እሱ ዲፕሎማ ያለው፣ የሳይበር ሥልጠና በሥራ ቦታው የወሰደ ነው። «ለደህንነትዎ ሲባል» የሚለውን ቃል በሥልጠናው ደጋግሞ ስለ ሰማው እውነተኛ መሥሪያ ቤት መሰለውና ቁጥሩን ነገረው። አምስት ሺህ ብር ሄደ። ሊያመለክት ቢሄድ የደወለበትን ቁጥር አምጣ፣ ማመልከቻ ጻፍ፣ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጣ ሲባል ከረመና ተወው።

ለእኔ የሳቁ ምንጭ ይህ ነው። አጭበርባሪው የሚናገረው ቋንቋና ጠባቂው የሚናገረው ቋንቋ አንድ ሆኗል። ሁለቱም «አስቸኳይ ነው፣ ሒሳብዎ ይዘጋል፣ ለደህንነትዎ ነው» ይላሉ። አክስቴ የዳነችው ከሁለቱ የአንዱንም ቋንቋ ስለማታምን ነው። ሥልጠናው ስለ ሩቅ ጠላት ከሚያወራ ይልቅ «ማንም መሥሪያ ቤት ደውሎ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም» የምትለዋን አንዲት ዐረፍተ ነገር በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ቢያስነግር ይበልጥ ይጠቅመን ነበር።

የእህል ነጋዴ (ቡሬ)

የአክስትዎን ቃል ለሠራተኞቼ ሁሉ ነግሬአለሁ። አሁን ማንም የሚስጥር ቁጥር ቢጠይቃቸው «አንተ ነፍስ አባቴ ነህ?» ብለው እንዲመልሱ አዝዣለሁ። ነፍስ አባት ነኝ ብሎ የሚደውል እስኪመጣ ድረስ ይሠራል።

ፎቶ ኮፒ ቤት (ዳንግላ)

እኔ ለንስሐ ነው የመጣሁት። ያለኝ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ማሽን ነው። ሰው መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የቤት ካርታውን በቴሌግራም ልኮልኝ አትምልኝ ይላል፤ አትሜ እሰጠዋለሁ፤ ፋይሉ ግን እዚያው ይቀራል። ይህን ውይይት ካነበብሁ በኋላ ፎልደሩን ብከፍተው የከተማው ግማሽ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። አንዳንድ ቢሮ ማመልከቻ ይዛችሁ ስትሄዱ የመታወቂያ ኮፒ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ኮፒ ቆሎ ሲጠቀለልበት ያየሁበት ጊዜ አለ። የፋይዳ ቁጥር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ኮፒው በዝቷል እንጂ አልቀነሰም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን የሰማሁት ከአንድ ደንበኛዬ ነው፤ እሱም አዋጁን ሊያሳትም መጥቶ ነበር። አተምሁለት፤ መታወቂያውንም አብሬ አተምሁለት፤ ሁለቱም ፋይሎች አሁንም እኔ ዘንድ ጎን ለጎን አሉ። ዛሬ ማታ ሁሉንም እሰርዛለሁ።

ኬብል ቀጣይ (ባሕር ዳር)

እባክዎን ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርጉት፤ ሰርዘው ከተዉት ከመደርደሪያ ወደ ቁምሳጥን ማዛወር ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ሕጉን በተመለከተ የምናገረው ጥቂት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ካለ ቆይቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃው ግን የመጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። አስቀድሞ የወጣው የሚቀጣው፣ ዘግይቶ የወጣው የሚጠብቀው ነው። የሰምና ወርቅን ጥያቄ ለመመለስ የሁለቱን ዓመት ማስተያየት ይበቃል፤ ነገር ግን ዘገየ ብለን የመጣውን አንናቅ፤ ልንይዘው የምንችለው ነገር ቢኖር እሱ ነው። ለመዝገብ ቤትም ከሁሉ በፊት የሚረዳዎትን ልንገርዎት። የይለፍ ቃል ሲመርጡ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላትን በአንድ ላይ ይግጠሙ፤ ርዝመቱ ለማሽን ያስቸግራል፣ ለእርስዎ ግን ይታወሳል፤ ወረቀት አያስፈልግዎትም።

ጡረተኛ መምህር (ሞጣ)

ምክሩ መልካም ነው፤ ለጎጃም ሰው ግን አደጋ አለው። አራት ቃል ግጠም ከተባለ ቤት ይመታል፤ ቤት ከመታ ደግሞ ለሰው ሳያሰማው አያድርም።

መዝገብ ቤት (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወሬውን ልንገራችሁና ልሰናበት። ፎቶግራፉ ከፌስቡክ ገጹ ወርዷል፤ በዚያው ቀን ሌላ ማስታወቂያ ወጥቶ በቢሮ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ተከልክሏል። ወረቀቱ ግን ባለበት አለ፤ ስለ ወረቀቱ የተጻፈ ማስታወቂያ የለም።

ኬብል ቀጣይ የመከሩኝንም ፈጸምሁ። ጥበቃውን አከብራለሁ ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤ አምስት ቃል ገጠምሁ። ጋሼ ግን እውነት ተናግረዋል፤ ቤት መታ፤ ሰሙ ስለ ጮቄ ውርጭ፣ ወርቁ ስለ ደመወዝ ነበር። በማግስቱ ምሳ ላይ ለሁለት ባልደረቦቼ አሰማኋቸው፤ በጣም ወደዱት፤ አንደኛው እንዲያውም በቃሉ ያዘው። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ሽሮው ካለቀ በኋላ ነው። አሁን ሌላ እያሰብሁ ነው።

ሰምና ወርቅ (ባሕር ዳር)

ስለ ደመወዝ የተባለ ወርቅ ሳይሰማ መቅረት የለበትም። አዲሱንም ቢሆን ሲጨርሱ ስንኙን ወደዚህ ይላኩት፤ ቤት አመታቱን አይቼ አርሜ እመልስልዎታለሁ።

ኬብል ቀጣይ (ባሕር ዳር)

እንዳይልኩ።